ሴሚናሩን ወደ ከተማው መልሱልን

ድሬዳዋ፣ ሚያዝያ 2017 ዓ.ም.

ለዩኒቨርሲቲው የምርምርና የማኅበረሰብ አገልግሎት ምክትል ፕሬዚዳንት ጽሕፈት ቤት

ጉዳዩ፦ የሳይንስ፣ ቴክኖሎጂና ማኅበረሰብ ተከታታይ ሴሚናር ለከተማው ነዋሪ መዘጋቱን ይመለከታል

ክቡራን የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊዎች፣

በቅድሚያ የአክብሮት ሰላምታችንን እናቀርባለን። ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ በዘንድሮው የትምህርት ዘመን መጀመሪያ በወጣ የአንድ ገጽ ማስታወቂያ ከሴሚናሩ ውጭ የቀረን የከተማው ታዳሚዎች ነን። ከመካከላችን ጡረታ የወጡ የምድር ባቡር ሠራተኞች፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፣ የሁለተኛ ደረጃ መምህራንና ተማሪዎች፣ የመጋላ ገበያ ነጋዴዎችና የቤት እመቤቶች አሉ። ቀደም ሲል በመዝገብ ቤት በኩል ያስገባነው ደብዳቤ የገቢ ማኅተም ተመትቶበታል፤ ፊርማችንም ተያይዟል፤ መልስ ግን አላገኘም። በግልጽ ለመጻፍ የተገደድነው ለዚህ ነው።

ማስታወቂያው እንዲህ ይላል። ሐሙስ ሐሙስ ከምሽቱ 12 ሰዓት በከተማው ከዚራ ሰፈር ባለው አዳራሽ ይካሄድ የነበረው ሴሚናር ከእንግዲህ ረቡዕ ከቀኑ 8 ሰዓት በግቢ ውስጥ ይካሄዳል፤ ተሳታፊዎቹ መምህራንና የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ብቻ ናቸው፤ ቋንቋውም እንግሊዝኛ ብቻ ይሆናል። ምክንያቱ የተገለጸው በአንድ ሐረግ ነው፤ «የሴሚናሩን አካዳሚያዊ ደረጃ ከፍ ለማድረግ»።

ሰዓት መቀየር፣ አዳራሽ መቀየር፣ ቋንቋ መወሰን እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ የተለመደ የአስተዳደር ሥራ ነው። ሦስቱ በአንድ ቀን ሲታወጁ ግን የከተማው ሰው ጠቅልሎ ወጣ። የምናቀርበው አቤቱታ ስለ ምቾት አይደለም። በዚህ ሴሚናር የሚነሡት ጉዳዮች፣ ማለትም ባቡሩ፣ ውኃው፣ ትንኙ፣ ጎርፉ፣ የሚገኙት በእኛ ቤትና በእኛ ሥራ ውስጥ ነው፤ እኛ በሌለንበት ሲመከርባቸው ምክሩ ይጎድላል ነው የምንለው።

ከሰዓቱ እንጀምር። በድሬዳዋ ከቀኑ 8 ሰዓት ምን እንደሚመስል እዚህ ለሚኖር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ደመወዝተኛው ሥራ ላይ ነው፤ ተማሪው ክፍል ውስጥ ነው፤ ሽማግሌው በዚያ ፀሐይ ከቤቱ አይወጣም። ከዚህ ሁሉ አልፎ የመጣም ሰው በሩ ላይ ይቆማል።

ባለፈው ኅዳር የደረሰውን እንንገራችሁ። ዕድሜያቸውን በሸመንደፈር፣ ማለትም በምድር ባቡር ወርክሾፕ የጨረሱ አንድ አዛውንት መካኒክ በቀድሞው ፕሮግራም ንግግር እንዲያደርጉ ተጋብዘው ነበር። ቀኑ ተቀይሮ ግቢ እንዲመጡ በስልክ ተነገራቸው፤ ስማቸውን ለጥበቃ ያስተላለፈ ግን አልነበረም። በሰዓቱ ደርሰው የጡረታ መታወቂያቸውን አሳዩ። ጥበቃው ዝርዝሩን ደጋግሞ አይቶ «አባባ፣ ስምዎ የለም» አላቸው። ጥበቃውን አንወቅስም፤ የታዘዘውን ፈጽሟል፤ የሚቀመጡበትን ወንበርም አቅርቦላቸዋል። የጋበዟቸው መምህር ስብሰባ ላይ ስለነበሩ ስልክ አላነሡም። አዛውንቱ ፕሮግራሙ እስኪያልቅ ጠብቀው በባጃጅ ተመለሱ። ይቅርታ የጠየቃቸው የለም፤ ሌላ ቀጠሮም አልተያዘላቸውም።

እኒህ ሰው ቀደም ብሎ ከዚራ ላይ በአንዱ ምሽት የተናገሩትን የሰማ ሁሉ ምን እንደቀረበት ያውቃል። የፉርጎ ጎማ እንዴት እንደሚፈተሽ ነበር ያስረዱት። ባቡሩ ሲቆም ፈታሹ ረጅም እጀታ ያለው መዶሻ ይዞ በሐዲዱ ዳር ይሄዳል፤ እያንዳንዱን የብረት ጎማ አንዴ መታ አድርጎ ያዳምጣል። ደኅነኛው ጎማ ይጮኻል፤ ድምፁም ይቆያል። የተሰነጠቀው ግን ይታፈናል። አዛውንቱ ይህን ሲናገሩ በእጃቸው የጠረጴዛውን ጠርዝ እየመቱ ነበር። ወዲያው አንድ ወጣት የመካኒካል ምህንድስና መምህር ተነሥቶ ስንጥቅ የብረቱን ንዝረት እንዴት እንደሚያውክ፣ ዛሬ በአልትራሳውንድ መሣሪያ የሚደረገው ፍተሻም በምን እንደሚመሳሰልና በምን እንደሚለይ አስረዳ። ሁለቱ እየተጠያየቁ ረጅም ሰዓት ቆዩ። ተማሪዎቼ ስለ ንዝረት በሰሌዳ ላይ ላሳያቸው የማልችለውን በዚያ ምሽት ሰሙ። ይህን ደብዳቤ በታዳሚዎቹ ስም የምጽፈው የፊዚክስ መምህር ስለሆንኩ ይህን ራሴ እመሰክራለሁ። የዚያን ምሽቱ ውይይት አካዳሚያዊ ደረጃው ዝቅ ያለ ነበር የሚል ካለ በፊታችን ያስረዳን።

ስለ ባቡሩ ካነሣን ሌላም ቅሬታ አለን። ይህች ከተማ የተቆረቆረችው በአንድ የምህንድስና ውሳኔ ነው። ዐፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መንገድ ፈቃድ ሲሰጡ ሐዲዱ ወደ ሐረር እንዲደርስ ታስቦ ነበር። ተራራውን መውጣት ከባድና ውድ ሆኖ ስለተገኘ መስመሩ በቆላው ቀረ፤ እ.ኤ.አ. በ1902 እዚህ ሲደርስ ድሬዳዋ ተመሠረተች። አዲስ አበባ ለመድረስ ደግሞ እስከ 1917 እ.ኤ.አ. ፈጀ። ለዘመናት የንግድ ማዕከል የነበረችው ሐረር ከመስመሩ ውጭ ሆነች። ከመቶ ዓመት በኋላ ሌላ ውሳኔ መጣ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር የሐዲዱ ስፋት 1 ሜትር ከ43 ሳንቲሜትር ተኩል ነው፤ የድሮው ግን 1 ሜትር ነበር። የድሮው ፉርጎ በአዲሱ ሐዲድ ላይ አይሄድም። አዲሱ ጣቢያም ከከተማው ወጣ ብሎ ተሠራ። በድሮው ጣቢያ በለገሃር ዙሪያ በመንገደኛ ይተዳደር የነበረው ሻይ ቤት፣ አልጋ ቤት፣ ጋሪና ሱቅ ምን ሆነ? በወርክሾፑ ውስጥ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የኖረው የእጅ ሙያስ ወዴት ሄደ? ከአሮጌው ወደ አዲሱ ሊሸጋገር ይችል የነበረውስ የትኛው ነው?

ይህን በርዕስነት እንዲያዝልን በጽሑፍ ጠይቀን ነበር። የተሰጠን መልስ «ጉዳዩ ታሪክ ስለሆነ ለታሪክ ትምህርት ክፍል አቅርቡ» የሚል ነው። ሥራቸው የተዘጋባቸው ሰዎች በሕይወት ተቀምጠው፣ ልጆቻቸውም የአዲሱን ባቡር ሥራ እየፈለጉ ጉዳዩ እንዴት ያለፈ ታሪክ እንደሆነ አልገባንም። በዚህ ሴሚስተር ፕሮግራም ላይ የተዘረዘሩት ርዕሶች መጥፎ አይደሉም፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎት አለ፣ የሕዋ ሳይንስ አለ፣ የዲጂታል ገንዘብ አለ። እኛም ብንሰማቸው ደስ ባለን። በዝርዝሩ ውስጥ ግን ስለ ድሬዳዋ የሚናገር አንድም የለም፤ ስለ ሐረርም የለም፤ ውኃው በዓይናችን ፊት ጠፍቶ ስለነበረው ስለ ሐረማያ ሐይቅም የለም።

አሁን ትንኝ ወደሚራባበት የውኃ በርሜል እንምጣ፤ ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበን እሱ ነው።

ከተማችን በትንኝ ደጋግማ ተመትታለች። በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ የደንጊ ትኩሳት ገባ፤ በአገራችን በወረርሽኝነት ሲመዘገብ የመጀመሪያው ነበር። በ2011 ክረምት ቺኩንጉንያ መጥቶ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው በመገጣጠሚያ ሕመም ጣለ፤ ደረጃ መውጣት ያቃተው ጎረምሳ፣ ልጇን ማቀፍ ያቃታት እናት ያላየ ሰፈር የለም። በ2014 ደግሞ ወባ መጣ፣ ያውም በበጋ፣ ያውም በከተማ መሐል። ከጥር እስከ ግንቦት ባሉት ወራት ብቻ ከ2400 በላይ ሕመምተኛ ተመዘገበ፤ ከሦስት ዓመት በፊት በተመሳሳይ ወራት የተመዘገበው 205 ነበር። ተመራማሪዎች ተከታትለው ነገሩ አኖፊለስ ስቴፈንሲ ከምትባል ትንኝ ጋር የተያያዘ መሆኑን ደረሱበት፤ ጥናቱም እ.ኤ.አ. በ2023 ኔቸር ሜዲስን በተባለው መጽሔት ታትሟል። ይህች ትንኝ የደቡብ እስያ ናት። በአፍሪካ መጀመሪያ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ2012 ጂቡቲ ላይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ በሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር ላይ ታየች። ከምናውቃት የወባ ትንኝ በተለየ ረግረግና ኩሬ አትፈልግም። በግቢ የተቀመጠ በርሜል፣ ክዳኑ የተከፈተ ሮቶ፣ ለግንባታ የተጠራቀመ ውኃ ይበቃታል። ያው ጥናት በጣት ደም የሚደረገው ፈጣን ምርመራ ሊያገኘው የማይችለው የወባ ተሕዋስ በከተማችን እንዳለም አሳይቷል።

ይህ ጉዳይ ከዚራ ላይ የቀረበበትን ምሽት አንረሳውም። አቅራቢው ስለ ትንኟ አስተዳደግ አስረድተው ሲያበቁ በቀበሌ የምትሠራ አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ተነሣች። «ሰው የሚጠብቀው ረግረግ እንዳዳፍን ነው፤ እኔ ግን የትንኟን እጭ የማገኘው ጥርት ባለ በርሜል ውኃ ውስጥ ነው። ሰው በዓይኑ እያየ ንጹሕ ውኃ ነው ይለኛል» አለች። አቅራቢው ትንኟ ከእንቁላል ተነሥታ ለመብረር አንድ ሳምንት ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ስለሚፈጅባት በርሜሉን በየሳምንቱ መድፋትና ውስጡን መፋቅ እንደሚበቃ መከሩ። ምክሩ ልክ ነው። አንዲት የቤት እመቤት ግን እጇን አውጥታ «ውኃ የሚመጣልን በፈረቃ ነው፤ ያውም ፈረቃው ይዘለላል። መቼ እንደሚመጣ ሳላውቅ ያለኝን ደፍቼ ልጆቼን ምን ላጠጣ?» አለች። አዳራሹ ጸጥ አለ። ወባው ከጤና ጉዳይነት አልፎ የቧንቧም፣ የፈረቃም፣ የክዳንም ጉዳይ መሆኑ ለሁላችንም የገባን ያኔ ነው።

ነገሩ በዚያ አላበቃም። ያችው ሴት በሰፈሯ ሰዎች ምን እንደሚያደርጉ ነገረችን። ያረጀ አጎበር አጥፈው በበርሜሉ አፍ ላይ ይዘረጉና ከመኪና ከመነዳሪ በተቆረጠ ላስቲክ ዙሪያውን ጥብቅ አድርገው ያስሩታል። ውኃ ሲመጣ ቱቦውን በአጎበሩ ላይ ያደርጉታል፤ ሲቀዱ ብቻ በአንድ በኩል ገለጥ ያደርጉታል። አቅራቢው ማስታወሻቸውን አውጥተው ጻፉ። አጎበሩ ስንት ጊዜ ታጥፎ ነው? ላስቲኩ በፀሐይ በስንት ጊዜ ይላላል? ሲቀዳ ምን ያህል ጊዜ ክፍት ይቆያል? አንድ በአንድ ጠየቋት። በመጨረሻም በተማሪዎቼ ቤቶች ባሉ በርሜሎች ላይ፣ ግማሹ ታስሮ ግማሹ እንደነበረ ሆኖ፣ እጩን በየሳምንቱ እየቆጠርን እንድንፈትሸው ተስማማን። የቆጠራ ቅጹን እኔ አዘጋጀሁ፤ ተማሪዎቹም የቤተሰቦቻቸውን ፈቃድ አመጡ። ሥራው ሊጀመር ሲል ማስታወቂያው ወጣ። ከዚያ በኋላ የተገናኘ የለም። ቅጾቹ አሁንም በትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራ መሳቢያ ውስጥ ናቸው፤ ዝናቡና ትንኙ ግን እኛን አልጠበቁም።

ክቡራን ኃላፊዎች፣ ይህን አቤቱታ የምናቀርብበትን ምክንያት ያስተማሩን የእናንተው መምህራን ናቸው። በመጀመሪያው ምሽት አንዱ መምህር ስለ ሰሜን እንግሊዝ በግ አርቢዎች ነግረውን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 የቸርኖቤል የኑክሌር ጣቢያ ሲፈነዳ በነፋስ የተወሰደው ሲዚየም የተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ከዝናብ ጋር ከምብሪያ በተባለው አውራጃ ኮረብታዎች ላይ ወረደ። መንግሥት የበግ ሽያጭ አገደ፤ ባለሙያዎቹም እገዳው ሦስት ሳምንት ያህል ብቻ እንደሚቆይ ተናገሩ። ስሌታቸው ሲዚየምን አጥብቆ በሚይዝ ሸክላማ አፈር ላይ የተመሠረተ ነበር። የኮረብታው አፈር ግን አሲዳማና ብስባሽ የበዛበት ስለሆነ ሲዚየሙን አልያዘውም፤ ወደ ሣሩ፣ ከሣሩም ወደ በጉ መመላለሱን ቀጠለ። አርቢዎቹ ኮረብታቸውን፣ ሣሩን፣ የበጎቹን አዋዋል ያውቁ ነበር፤ ያንን ዕውቀት ከቁም ነገር የቆጠረው ግን አልነበረም። የመጨረሻው እገዳ የተነሣው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው፤ ሦስት ሳምንት የተባለው ሩብ ምዕተ ዓመት ፈጀ። መምህሩ ይህን ተናግረው ሲጨርሱ ጡረተኛው መካኒካችን «እነዚያ ባለሙያዎች ከእረኞቹ ጋር ቁጭ ብለው ሻይ ቢጠጡ ኖሮ» አሉ። በርሜሉን የምታውቀው ሴት በር ላይ ስትቀር በግቢያችሁ የሚደገመው ያው የከምብሪያ ነገር ነው።

ስለ ቋንቋም የምንለው አለ። እንግሊዝኛን አንጠላም፤ ልጆቻችንን እንዲማሩት የምንመክረው እኛው ነን። ከዚራ ላይ ግን ንግግሩ በአማርኛ ይሆንና ጥያቄ በአፋን ኦሮሞም በሶማሊኛም ይቀርብ ነበር፤ ከተማሪዎቹ መካከል ፈቃደኞች ይተረጉሙ ነበር። በዚያ መንገድ ነው አንዲት ጫት ነጋዴ በአፋን ኦሮሞ ያንን ከባድ ጥያቄ የጠየቀችው። ጫቱ ላይ የተረጨው የተባይ መድኃኒት በውኃ ሲታጠብ ይለቃል ወይ? የኬሚስትሪ መምህሩ ዲዲቲን የመሰለ መድኃኒት በውኃ የማይሟሟ፣ በስብ ውስጥ ግን የሚጠራቀም በመሆኑ በማለቅለቅ ብቻ ይጠፋል ማለት እንደማይቻል አስረዱ፤ ከገበያ ናሙና ወስደው መርምረው ውጤቱን በሚቀጥለው ወር እንደሚነግሯትም ቃል ገቡ። በዚህ ከተማ ጫት የማይቅም ሰው ቢኖር የሚቅም ወንድም ወይም አባት አለው። ያ ጥያቄ የስንት ሰው ጥያቄ እንደሆነ አስቡት። ሴትዮዋ ዛሬም መጋላ ላይ ባገኘችኝ ቁጥር «ያ ነገር ምን ደረሰ?» ትለኛለች። ምርመራው ተሠርቶ ከሆነ ውጤቱ የተነገረው እሷ በማትገባበት ግቢ፣ በማትሰማው ቋንቋ ነው። ካልተሠራም የሚጠይቅ ቀርቷል ማለት ነው።

ከዚሁ ጋር የሚያያዘው የመጠይቅ ነገር ነው። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ250 በላይ ሰው ሲወስድብን ዝናቡ የዘነበው በብዛት ከእኛ በላይ ባለው ደጋ ነበር፤ ብዙ ሰው ጎርፉ የደረሰበት እንቅልፍ ላይ ሳለ ነው። ከዚያ ወዲህ በወንዙ ዳር ያሉ ሰፈሮች ለጥናት ጠያቂ በራቸውን ከፍተው ኖረዋል። ከግቢያችሁ የመጡ ልጆች ስንት ሰው ሞተብህ፣ ስንት ብር ጠፋብህ፣ የት ሸሸህ ብለው ጽፈው ሄደዋል። ለተጎዳ ሰው ይህን መመለስ ቀላል አይደለም። የመመረቂያ ጽሑፉ የት ደረሰ? ስለ ማስጠንቀቂያ ምን መከረ? ከዚራ ላይ አንዳንዶቹ ተመራማሪዎች ውጤታቸውን ይዘው መምጣት ጀምረው ነበር፤ ሰዎችም «ይሄ ልክ ነው፣ ይሄኛው ግን እንዲህ አልነበረም» እያሉ ያርሙላቸው ነበር። ይህም ቆመ።

የድምፅ ቅጂዎቹ ጉዳይም ያሳስበናል። በየምሽቱ የተነገረው በዩኒቨርሲቲው መቅረጫ ተቀርጿል። ከባቡር አዛውንቶቹ መካከል ከዚያ ወዲህ በሞት የተለዩን አሉ። ቅጂዎቹ የት እንደተቀመጡ ስንጠይቅ አንዱ ክፍል ወደ ሌላው ይመራናል። የሟቾቹ ልጆች የአባታቸውን ድምፅ ለመስማት መጠየቃቸው አግባብ ነው፤ ለተመራማሪም ቢሆን ሌላ ቦታ የማይገኝ ማስረጃ ነው።

በቃል የተነገሩን ምክንያቶች አሉ፤ እነሱንም ሳንመልስ አናልፍም። የአዳራሽ ወጪ ከባድ ነው ተብለናል፤ ከዚራ ያለው አዳራሽ በምሽት ያለ ክፍያ እንደሚፈቀድ ግን ኃላፊው ነግረውናል፤ ወንበር የምናስተካክለውና የምንጠርገው እኛው ነን። የውጭ አገር እንግዶች በኢንተርኔት ስለሚሳተፉ እንግሊዝኛ ያስፈልጋል ተብለናል፤ ለእንግዳ የሚተረጎም ከሆነ ለባለቤቱም ይተረጎም። የከተማው ሰው በዝቶ ውይይቱን ከርዕስ ያስወጣዋል የሚልም ሰምተናል። አንዳንዴ ከርዕስ ወጥተናል፤ የበርሜሉ ነገር የተገኘውም ያኔ ነው። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 የማኅበረሰብ ተሳትፎን ከመማር ማስተማርና ከምርምር ጋር የዩኒቨርሲቲ ተግባር አድርጎ አስቀምጧል። ይህ ሴሚናር ያንን ግዴታ ያለ ብዙ ወጪ ይወጣ ነበር።

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን።

ሴሚናሩ ቢያንስ በወር ሁለት ጊዜ ወደ ምሽት ሰዓቱና ወደ ከተማው አዳራሽ ይመለስ። በግቢ የሚደረገው ይቀጥል ከተባለም ከከተማው የሚመጣ ሰው በማንኛውም መታወቂያ ይግባ፤ የተጋባዥ ስምም ቀድሞ ለጥበቃ ይድረስ። ኅዳር ላይ የተመለሱት አዛውንት ይቅርታ ተጠይቀው ሌላ ቀን ይያዝላቸው። በከተማው በሚካሄዱት ምሽቶች ንግግሩ በአማርኛ ይሁን፤ ለአፋን ኦሮሞና ለሶማሊኛ ተናጋሪዎችም አስተርጓሚ ይመደብ፤ በግቢ በእንግሊዝኛ የሚቀርበው ደግሞ የአንድ ገጽ ማጠቃለያ በሦስቱ ቋንቋዎች ይዘጋጅለት።

ርዕስ የሚመርጠው ኮሚቴ ውስጥ የከተማው ታዳሚዎች ሁለት ተወካይ ይኑራቸው። ባቡሩና የወርክሾፑ ሙያ፣ ውኃና ትንኝ፣ የደቻቱ ጎርፍ በመጪው ዓመት ፕሮግራም ይያዙ። ከሁሉ አስቀድሞ የበርሜሉ ሙከራ ከመጪው ክረምት በፊት ይጀመር። ቅጹ ተዘጋጅቷል፤ ተማሪዎቹም አሉ፤ የሚያስፈልገን ባለሙያው እንዲመጡ መፍቀድ ብቻ ነው። ስለ ጫቱ መድኃኒት የተገባው ቃልም መልስ ይሰጠው፤ ምርመራው አልተሠራ እንደሆነ አልተሠራም ይባልልን።

በከተማችን ነዋሪዎች ላይ መጠይቅ የሚያደርግ ማንኛውም ተመራማሪ ውጤቱን በሴሚናሩ ላይ ለተጠያቂዎቹ እንዲያቀርብ ጽሕፈት ቤቱ መመሪያ ያውጣ። የድምፅ ቅጂዎቹ የት እንዳሉ በጽሑፍ ይነገረን፤ አንድ አንድ ቅጂም ለከተማው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ይሰጥ።

ለዚህ ደብዳቤ በአንድ ወር ውስጥ የጽሑፍ መልስ እንጠብቃለን። በአካል ቀርበን እንድናስረዳ ብትጠሩን በፈለጋችሁት ቀንና ሰዓት እንመጣለን፤ ስማችንን ለበሩ አስተላልፉልን።

ከአክብሮት ጋር፣

በሴሚናሩ የከተማ ታዳሚዎች ስም
የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህር
ድሬዳዋ

ግልባጭ፦
ለዩኒቨርሲቲው ሴኔት
ለሴሚናሩ አዘጋጅ ኮሚቴ
ለተማሪዎች ኅብረት